የሪች ሐብል

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ሮበርት ቦልት «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ» (ለዘመን ሁሉ የሚሆን ሰው እንበለው) የተሰኘውን ሥራውን ለለንደን መድረክ ያበቃው በ1960 ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ፍሬድ ዚነማን ወደ ፊልም ለውጦት ስድስት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘበት። የውጭውን ታሪክ ስናወሳ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን። ስለዚህ ሥራ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ ሰር ቶማስ ሞር ነው፤ ስለ ኅሊናው፣ ስለ ጽናቱ፣ እምነቱን ከሚሰጥ አንገቱን ስለ መስጠቱ። ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ እምነት ሥራው ለዛሬ ተመልካች የሚያነሳው ከባድ ጥያቄ ያለው ከሞር ዘንድ አይደለም። ከሞር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ምሎ ቃሉን ከሚሰጠው ሰው ዘንድ ነው። ሰውየው ሪቻርድ ሪች ይባላል። ምስክር ነው።

ተውኔቱን ላላነበቡ፣ ፊልሙንም ላላዩ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ለማግባት ቢፈልግ የሮማው ፓፓ አልፈቅድም አለው። ንጉሡም ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። በ1534 የወጣ ሕግ ደግሞ ይህን ማዕረግ በክፋት የካደ ሰው፣ ክህደቱ በቃል ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በአገር ክህደት እንዲሞት ደነገገ። የቀድሞው የመንግሥቱ ሎርድ ቻንስለር ቶማስ ሞር ሕግ አዋቂ ነውና አንድ መጠለያ አገኘ፤ ዝምታን። ተቀብያለሁ አላለም፤ አልቀበልም አላለም። ከአንድ ዓመት በላይ በለንደን ግንብ ታስሮ ሲጠየቅ ከረመ፤ አፉ አልተከፈተም። እንግዲህ ዝም ያለን ሰው በየትኛው ቃሉ ይከሱታል? ቃሉን ራሱ ካልሰጠ «ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት» የሚል ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሪች የተፈለገው ለዚህ ነው።

ዋጋው እንዴት እንደ ተከፈለ

ቦልት ሪችን ከመጀመሪያው ክፉ አድርጎ አልፈጠረውም። ሹመት የሚናፍቅ፣ ድህነቱ የሚያሳፍረው፣ በትልልቅ ሰዎች ደጅ የሚጠና ወጣት ነው። ሞር አስተማሪ ብትሆን ይሻልሃል ብሎ ቢመክረው አኮረፈ። አንዲት ባለ ጉዳይ ለሞር በጉቦ መልክ ያቀረበችለትን የብር ዋንጫ ሞር ጉቦነቱን እንዳወቀ ከእጁ ለማውጣት ለዚሁ ወጣት ሰጠው፤ እሱም ሸጦ ልብስ ገዛበት። የሪች የምስክርነት ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ዋንጫ ነው። የንጉሡ ጉዳይ አስፈጻሚ የሆነው ቶማስ ክሮምዌል ስለ ዋንጫው ሲያወጣጣው ወሬውን የሚሸጥለት በዮርክ ግብር ሰብሳቢነት ሹመት ነው። በመጨረሻም በችሎቱ ላይ ሞርን የሚገድለውን ቃል ሰጥቶ ሲወርድ አንገቱ ላይ የሹመት ሐብል ተንጠልጥሏል። ሞር ሐብሉን ቀረብ ብሎ አየት ያደርግና ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሪች የዌልስ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ መሾሙ ይነገረዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረታችንን ሪች ቢሰማው ኖሮ ለመሾምም የሚበላ እንዳለ በጨመረበት ነበር።

ተመልካች ይህን ትዕይንት ሲያይ ልቡ ይሞላል። ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ! ነገር ግን ሁለት የሪች ምስክርነቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው። ተውኔቱ ውስጥ ክሮምዌል መጀመሪያ የሚሞክረው ሞርን በጉቦ ለመወንጀል ነው። ዋንጫውን የሰጠችው ሴት ቀረበች፤ ሪችም ከሞር ተቀብዬ ሸጥኩት አለ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ሆኖም እዚያው የነበረው የኖርፎክ መስፍን አንድ ተራ ጥያቄ አነሳ፤ መቼ? ወሩ ሲቆጠር ሞር ዋንጫውን ከእጁ ያወጣው በተቀበለበት ሰሞን መሆኑ ታወቀ፤ ክሱም እንደ ጉም በነነ። ሁለተኛው የሪች ምስክርነት ግን፣ ያውም ሐሰተኛው፣ ቆመ፤ ሰውም ገደለ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሪች በመጀመሪያው ጊዜም ሪች ነው፤ በሁለተኛውም ያው ሪች ነው። በሁለቱም ጊዜ ዋጋ ተቀብሏል። በመጀመሪያው ጊዜ ነገሩን የሚያውቅና የሚጠይቅ ሰው በአጠገቡ ነበረ፤ በሁለተኛው ጊዜ አልነበረም። የቦልት ተውኔት ስለ ምስክር የሚያስተምረን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። የሚያሳዝነው ግን ተውኔቱ ራሱ፣ ከእሱም ይበልጥ ፊልሙ፣ ይህን ቁም ነገር ከፍ አድርጎ አለመያዙ ነው። ዓይናችንን ከጥያቄው አንስቶ ወደ ሐብሉ ይመራዋል።

ታሪኩና ተውኔቱ የሚለያዩበት

ሐብሉን በተመለከተ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ እውነተኛው ሪቻርድ ሪች የዌልስን ሹመት ያገኘው በ1532 መሆኑ ነው። ሞር የተፈረደበት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1535 ነው። በችሎቱ ዕለት ሪች ከዚያ የበለጠ ሹመት ላይ ነበር፤ ሶሊሲተር ጄኔራል፣ ማለትም ከንጉሡ ከፍተኛ የሕግ ሹማምንት አንዱ ሆኖ ነበር። ቦልት ሹመቱን ሦስት ዓመት ወደፊት ገፍቶ ከምስክርነቱ ጋር አጣበቀው። ደራሲ ይህን የማድረግ መብት አለው፤ ክስ አንመሠርትበትም። ውጤቱን ግን ልብ እንበል። በተውኔቱ የዋጋው አከፋፈል ግልጽ ነው፤ ቃል በአንድ እጅ፣ ሐብል በሌላ እጅ። በእውነተኛው ታሪክ ግን ሪች ደመወዝተኛ ነው። ማንም ነጥሎ ይህን ያህል ክፈለኝ፣ ይህን ያህል ልናገርልህ አላለውም ይሆናል። ኑሮውም፣ ተስፋውም፣ ፍርሃቱም ከከሳሹ ጋር የታሰረ ሰው ዋጋውን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነቱን ምስክር አንገቱን በማየት አንለየውም።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይብሳል። ሪች በግንቡ ውስጥ ከሞር ጋር ተነጋገርኩ ባለበት ቀን ሌሎች ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ። የሄዱት የእስረኛውን መጻሕፍት ለመውሰድ ነው። የሞር አማች ዊልያም ሮፐር ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪክ መሠረት ሁለቱ ሰዎች፣ ሳውዝዌልና ፓልመር፣ ችሎት ቀርበው ተጠይቀዋል። አንዱ መጻሕፍቱን በጆንያ ሳስር ንግግራቸውን አላዳመጥኩም አለ፤ ሌላውም የታዘዝኩት መጻሕፍቱ መወሰዳቸውን እንድከታተል ብቻ ስለ ሆነ ጆሮዬን አልሰጠሁም አለ። ቦልት ግን ሁለቱን ሰዎች በንጉሥ ጉዳይ ወደ አየርላንድ ልኳቸዋል። በችሎቱ ላይ ሞር ስማቸውን ጠርቶ ሲጮህ ክሮምዌል የለም፣ ሄደዋል፣ ምንም እንዳልሰሙ የሰጡት የጽሑፍ ቃል ግን ይኸውና ይለዋል።

እዚህ ላይ ቦልት ከታሪኩ የራቀው ወደ እውነቱ ለመቅረብ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። በጽሑፍ የመጣ ቃል አይጠየቅም። ወረቀት አይደነግጥም፤ ላብ አያልበውም፤ «እርግጠኛ ነህ?» ቢሉት መልስ የለውም። ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው የሞት የሽረት ንግግር ሲካሄድ እንዴት ምንም አልሰማንም ይላሉ? አልሰማንም ያሉትስ ሪችን ላለማሳፈር ነው ወይስ ንጉሡን ፈርተው? ይህን የሚያጣራ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄው የተላከው ወደ አየርላንድ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን በሮፐርም ላይ ያንኑ መስፈርት እናውርድ። ሮፐር የሞር አማች ነው፤ የሟቹን ስም መጠበቅ ይፈልጋል፤ በችሎቱም ላይ አልነበረም፤ የጻፈው ከነበሩት ሰምቶ ነው። ስለ ሪች መዋሸት የምናውቀው ብዙው ነገር የመጣው ከዚህ ወገን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የታሪክ ጸሐፊዎችም ሪች ከባዶ ፈጠረ ወይስ የሰማውን አጣመመ በሚለው ይከራከራሉ። ክርክሩ የተነሳው ከንግግሩ ጠባይ ነው። ሁለቱ ሕግ አዋቂዎች «እንዲህ ቢሆንስ?» በሚል የሕግ ጨዋታ ላይ ነበሩ። ፓርላማ እኔን ንጉሥ ቢያደርገኝ ትቀበለኛለህ? አዎን። ፓርላማ እግዚአብሔር እግዚአብሔር አይደለም ብሎ ሕግ ቢያወጣስ? አይሆንም። ከዚህ በኋላ ሞር ስለ ንጉሡ ማዕረግ አንድ ቃል ጨመረ ወይስ አልጨመረም? የአንድ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለችው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ከጥቅም ጋር የተሳሰረ ምስክር አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከባዶ ተነስቶ አይዋሽም። ስፍራው እውነት ነው፤ ቀኑ እውነት ነው፤ አብረው መገኘታቸው እውነት ነው። ዘጠኙን እውነት አስቀድሞ አሥረኛዋን ያስከትላታል። ቦልት ሪችን ዓይን ያወጣ ሐሰተኛ ሲያደርገው ሥራውን አቅልሎለታል። ይባስ ብሎ የተባለው ንግግር ሲካሄድ በትዕይንት አይታይም፤ የምንሰማው ከሪች አፍ ብቻ ነው። ሆኖም ለአፍታ እንኳ አንጠራጠርም፤ ምክንያቱም ደራሲው ሪች ማን እንደ ሆነ፣ ሞርም ማን እንደ ሆነ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲነግረን ቆይቷል። ዳኛ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። ዳኛ ፊት የሚቆመው ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ በትሕትና የሚናገር፣ ቀንና ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው።

ከፊልሙ የጠፋው ሰው

በመድረኩ ተውኔት ውስጥ «ተራው ሰው» የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። አንዴ የሞር ቤት አሽከር፣ አንዴ ጀልባ ቀዛፊ፣ አንዴ የእስር ቤት ዘበኛ፣ ኋላም የሕዝብ ዳኞቹ (የጁሪው) አለቃ፣ በመጨረሻ አንገት ቆራጭ ይሆናል። አሽከር ሳለ ስለ ጌታው ለሚጠይቁት ሁሉ ሁሉም የሚያውቀውን ወሬ እየሸጠ ሳንቲም ይሰበስባል። ዘበኛ በሆነ ጊዜ ክሮምዌል እስረኛው ስለ ንጉሡ የሚናገረውን ብታመጣልኝ ሃምሳ ጊኒ እሰጥሃለሁ ይለዋል። ዘበኛው ገንዘቡን ሲሰማ አልጎመጀም፤ ደነገጠ። ይህን ያህል የሚያወጣ ወሬ አንገትም ያስወጣል ብሎ ያሰላል።

ይህ ትዕይንት ከሐብሉ ትዕይንት ይልቃል። የሰው ቃል በዋጋ የሚፈለግበት ገበያ መኖሩን ያሳያልና። ሪች ባይገኝ ሌላ ይገኝ ነበር፤ ገዢው ቆርጦ ተነስቷል። ፊልሙ ግን ተራውን ሰው ጨርሶ አስወጥቶታል። በ1960 በለንደን መድረክ ተራውን ሰው የተጫወተው ሊዮ መከርን በፊልሙ ላይ ክሮምዌልን ሆኖ መምጣቱ ያስገርማል፤ ሻጩን የተጫወተው ሰው ገዢው ሆነ። ተራው ሰው ሲወጣ ገበያው አብሮ ወጣ፤ የቀረን አንድ ከዳተኛ ብቻ ነው። ጆን ኸርት ሪችን እጅግ አሳምሮ ተጫውቶታል፤ ሲቅለሰለስና ሲሸማቀቅ፣ ቀስ በቀስም ልብሱ ሲያምርና ዓይኑ ሲሸሽ እናያለን። ያማረ ትወና ነው፤ ግን አንድ ጉዳት አለው። የሐሰት ምስክር ዓይን እንደሚሸሽ ያስተምረናል። በእውነተኛው ዓለም አይሸሽም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት የኤልያ ካዛንን «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» (በወደቡ ዳርቻ) ማንሳት ይጠቅማል። በ1954 የወጣው ይህ ፊልም ማርሎን ብራንዶ በተጫወተው በቴሪ ማሎይ አማካይነት ከወንበዴዎቹ ወገን ወጥቶ የሚመሰክረውን ሰው ጀግና ያደርገዋል። ካዛን ራሱ በ1952 በአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የቀድሞ ጓዶቹን ስም ጠርቷልና ፊልሙ መከላከያው ነው ይባላል። ያም ሆኖ የሚናገረው እውነት አለው። የወደቡን ግድያ ከውስጥ ያለ ሰው ካልተናገረ ማን ይናገራል? የቡድን ወንጀል፣ ሙስና፣ በጨለማ የተዶለተ ሤራ ብዙ ጊዜ የሚፈታው እጁ ባለበት ሰው ቃል ነው። ንጹሐን ብቻ ይመስክሩ ካልን ትልልቆቹ ወንጀለኞች በሰላም ይኖራሉ።

ነገር ግን ቴሪን አንድ ጠበቃ ቢያገኘው ምን ይጠይቀው ነበር? ሟቹን ወደ ሰገነቱ ያወጣኸው አንተ አይደለህም ወይ? ወንድምህን ገድለውብህ የለም ወይ? የሟቹን እኅት አልወደድክም ወይ? ዛሬ ባትመሰክር ነገ ራስህ አትከሰስም ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ቴሪም እውነተኛ ስለ ሆነ ይመልሳቸው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን ይህን ሲጠየቅ አናይም። ካዛንም እንደ ዚነማን ምስክሩን በፊቱ እንድንመዝነው ያደርገናል። አንደኛው እመኑት ይላል፤ ሁለተኛው አትመኑት ይላል። ጠይቁት የሚል የለም።

ጠይቁት ያለው ልጅ

ጠይቁት ያለ ጥንታዊ ታሪክ ግን አለን። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሶስናን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ሁለት ሽማግሌ ዳኞች ተመኝተዋት እምቢ ስትላቸው ከወጣት ጋር አየናት ብለው መሰከሩባት። ክብር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ምስክርም ዳኛም ናቸው፤ ቃላቸው አንድ ነው። ሕዝቡ አመነና ሞት ተፈረደባት። ወጣቱ ዳንኤል የሽማግሌዎቹን ፊት አይቶ ሐሰተኞች ናቸው አላለም። ለያይታችሁ አቁሙልኝ አለ። ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው ብሎ አንዱን ጠየቀ፤ ሌላውንም ለብቻው ጠየቀ። ሁለት ዛፍ ተጠራ። ሶስና ዳነች። በአገራችን የቀድሞ ሙግት «ተጠየቅ» የሚለው ቃል የያዘው ስፍራም ከዚህ ጋር ይዛመዳል፤ የሰው ቃል ሳይጠየቅ አይዋጥም ማለት ነው።

በሞር ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ተከሳሽ ይህን ዕድል አልነበረውም። በአገር ክህደት የተከሰሰ ሰው ጠበቃ አይቆምለትም፤ የክሱንም ጽሑፍ አስቀድሞ አያገኝም። ጠበቃና የክስ ግልባጭ የማግኘት መብት፣ ሁለት ምስክርም እንዲያስፈልግ የሚያዘው ሕግ በእንግሊዝ የወጣው በ1696 ነው፤ ሞር አንገቱ ከተቀላ ከ161 ዓመት በኋላ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የናፑና የጂግሊዮ ጉዳይ በሚባሉት የ1959 እና የ1972 ውሳኔዎቹ ዐቃቤ ሕግ ለምስክሩ የገባለትን ቃል መደበቅ እንደማይችል፣ ምስክሩ ምንም ቃል አልተገባልኝም ብሎ ሲዋሽም ዝም ብሎ ማለፍ እንደሌለበት ወሰነ። ሞር ፍርዱ ካለቀ በኋላ ያየውን ሐብል ከሳሹ ራሱ አስቀድሞ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያኑረው ማለት ነው።

በእኛም ዘንድ መሠረቱ አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርበው በዋናው ጥያቄ ከተሰጠው ቃል ውስጥ የተሳሳተውን፣ አጠራጣሪውን ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ ለማሳየት መሆኑን ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት አዋጅ በወንጀሉ እጁ ያለበት ሰው መረጃ ሰጥቶ ከክስ የሚድንበትን በር ከፍቷል፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅም ማንነታቸውን መሰወርን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መመስከርንም ፈቅዷል። ለሁለቱም በቂ ምክንያት አለ፤ ምስክር ይገደላል፤ ምስክር ይፈራል። ግን ስሙን የማያውቁትን ሰው ምን ብለው ይጠይቁታል? ጠላቴ ነው? ባለ ዕዳዬ ነው? ክሱ ተነስቶለት የመጣ ነው? መጋረጃው የምስክሩን ሕይወት ሲጠብቅ ሐብሉንም አብሮ እንዳይጋርድ ማን ይጠብቃል? ይህ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ዳኛው ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ እንጂ በአዋጅ አንዴ ተመልሶ የሚቀር አይደለም።

ወደ ቦልት እንመለስ። ሥራው ታላቅ ነው፤ የሚነበብም፣ የሚታይም ነው። የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ ተመልካቹ ሪችን ንቆ፣ ሞርን አክብሮ፣ ችሎቱን ግን ረስቶ መውጣቱ ነው። የሕዝብ ዳኞቹ ለምክክር እንኳ ገለል ሳይሉ ጥፋተኛ ነው ሲሉ እናያለን፤ ቁጣችን ግን ያረፈው በአንድ አንገት ላይ በተንጠለጠለ ሐብል ላይ ነው። ክሮምዌል ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1540፣ በፓርላማ ውሳኔ ብቻ፣ በወጉ ችሎት ሳይቀርብ አንገቱን ተቀላ። በእሱም ላይ ቃላቸውን ከሰጡት አንዱ ሪቻርድ ሪች ነበር። ክሮምዌል ከእስር ሆኖ ለንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ የተባለብኝ አልሆነም ብሎ ነበር፤ መልስ አላገኘም። ሪች ሎርድ ቻንስለርነት ድረስ ደርሶ በ1567 በዕድሜው ሞተ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። ለታሪክ ይህ ልክ ነው። የተከሳሽ ሌሊት ግን አጭር ነውና ምስክሩ መጠየቅ ያለበት ገና ሳይነጋ ነው።